«ኤረሩን ገልብጣችሁ ላኩት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ኮድ ሳይማሩ በኤአይ አፕ ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። አፑ እምቢ ሲል ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ ስድስት ምክር ይሰጣል። ለእኔም ሦስት ልጆች በየተራ ልከውልኝ «እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል።

ጸሐፊው ቅን ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ኮምፒውተር ሳይንስ ያልተማረ ሰው «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ እንዳይሸሽ ነው የደከሙት። እዚህ ላይ ከጎናቸው ነኝ። ምክሮቻቸው ግን ጀማሪውን መንገድ ያስቱታል። አንዳንዶቹ ደግሞ አፑን በሚጠቀመው ሰው ላይ ጉዳት ያመጣሉ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ምክሮቹ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ኤረር (የስህተት መልእክት) ሲመጣ ገልብጦ ለኤአዩ መላክና እስኪስተካከል ድረስ «አስተካክለው» ማለት። ሁለተኛ፣ ኮዱን ለማንበብ ጊዜ አለማጥፋት። ሦስተኛ፣ በአማርኛ አለመጻፍ፤ ኤአይ የሚገባው እንግሊዝኛ ነውና። አራተኛ፣ ካልሆነ ሞዴል መቀየር፤ ማለትም ሌላ ኤአይ መሞከር። አምስተኛ፣ እሱም ካልሆነ ሁሉንም አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር። ስድስተኛ፣ አፑ በስልካችሁ ላይ ከሠራና ኤአዩም «ደህንነቱ የተጠበቀ ነው» ካለ ለሰው መልቀቅ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ከሁሉም ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ክረምት ላይ ለእናቱ ዕድር አፕ ሠራ። አፑ የወር መዋጮ ይመዘግባል፣ ውዝፍ ያለበትን ያሳያል። በሁለት ሳምንት ጨረሰው። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ደስ ብሏቸው ደብተሩን ትተው በስልክ መመዝገብ ጀመሩ።

በ2017 ጳጉሜ ላይ ነገሩ ተበላሸ። አንዲት አባል የነሐሴን ውዝፍ ጳጉሜ 3 ቀን ከፈሉ። አፑ ግን «መስከረም 3 ቀን 2018» ብሎ መዘገበው። መስከረም ገና አልጠባም! የነሐሴ ውዝፍ እንዳለ ቀረ፤ ያልደረሰው መስከረም ተከፈለ ተባለ።

ልብ በሉ፣ ምንም ቀይ ጽሑፍ አልወጣም። ገልብጦ የሚላክ ኤረር የለም። አፑ በሰላም ይሠራል፤ የሚናገረው ግን ውሸት ነው። ከባድ የሚባሉት ችግሮች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ናቸው። ጽሑፉ ግን ስለነዚህ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ልጁ የተመከረውን አደረገ። «ጳጉሜ አይሠራም፣ አስተካክለው» ብሎ ላከ። ኤአዩ «ችግሩን አግኝቼዋለሁ» አለና ወሩ 13 ከሆነ ነሐሴ ተብሎ እንዲመዘገብ አደረገ። ጳጉሜ 3 የተከፈለው ነሐሴ 3 ሆነ። ውዝፉ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ፤ ሁሉም ተደሰተ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሌላ ጉድ መጣ። ጥቅምት 29 የተከፈለው ኅዳር 1 ሆኖ ተገኘ። የጥቅምት 30ው ደግሞ ኅዳር 2። እንደገና «አስተካክለው»። እንደገና «አግኝቼዋለሁ»። አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሱ። ልጁ ወደ እኔ ሲመጣ ቀን የሚቀይር ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) አራት ቦታ ተጽፎ ነበር። አራቱም የተለያየ መልስ ይሰጣሉ።

ቻቱን ዘጋነው። መሣሪያው ያስቀመጠውን የመጀመሪያ ቅጂ መለስንና ወረቀት አወጣን። በግራ በኩል ያስገባነውን ቀን፣ በቀኝ በኩል አፑ የመለሰውን ጻፍን። ጥቅምት 27 አስገባን፤ ጥቅምት 27 አለ። ጥቅምት 28 አስገባን፤ ጥቅምት 28 አለ። ጥቅምት 29 አስገባን፤ ኅዳር 1 አለ። እዚህ ላይ «28 ቀን ብቻ ያለው ወር የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «ፌብሩዋሪ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤአዩ የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ወስዶ አፑ በተጻፈበት የኮድ ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ የፈረንጅ ቀን ውስጥ ከትቶታል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ፌብሩዋሪ ተደረገ። 2018ም እንዳለ የፈረንጅ 2018 ሆነ፤ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 የለም፤ ስለዚህ ቀኑ ወደ ማርች 1 ተንሸራተተ። ሦስተኛው ወራችን ደግሞ ኅዳር ነው። ጳጉሜ 13ኛ ወር ናት። ፈረንጆቹ 13ኛ ወር ስለሌላቸው ወደሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ ዞረች፤ የእኛ አንደኛ ወር መስከረም ነው። ጃቫስክሪፕት የሌለ ቀን ሲሰጡት አይጮህም። ዝም ብሎ ወደፊት ይገፋዋል። ከ30 ቀን ያነሰ ቀን ያለው ወር ፌብሩዋሪ ብቻ ስለሆነ በሌሎቹ ወራት ምንም አይታይም ነበር። የጳጉሜውም የጥቅምቱም ችግር አንድ ባግ (የኮድ ስህተት) ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ ለኤአዩ የጻፍነው መልእክት አራት መስመር አይሞላም። ምክንያቱን ነገርነው። ቀኑ ዳታቤዝ (የአፑ መረጃ ማስቀመጫ) ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀመጥ፣ ለሰው ሲታይ ብቻ በኢትዮጵያ ይሁን፣ ለዚህም ብራውዘሩ ውስጥ ያለውን ካላንደር ተጠቀም፣ የሠራሃቸውን ፈንክሽኖች አጥፋ አልነው። (የዛሬ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ካላንደር ከነጳጉሜው ያውቁታል። ብዙ ልጆች ይህን ሳያውቁ ከባዶ ያስጽፋሉ።) በአንድ ሙከራ ተስተካከለ። ጊዜ የወሰደው የተበላሸውን መዝገብ ማቃናት ነው። ገንዘብ ያዧ የወረቀት ደረሰኞቹን ባይጥሉ ኖሮ የትኛው ክፍያ የማን ወር እንደሆነ መለየት አንችልም ነበር።

ኤአዩ ለምን አሥራ አንድ ጊዜ ተሳሳተ? አፑን በዓይኑ ስላላየው ነው። ያለው የእኛ ቃልና ኮዱ ብቻ ነው። «አይሠራም» ካልነው የሚመስለውን ይገምታል። ግምቱ ሲከሽፍ ደግሞ የከሸፈው ሙከራ ቻቱ ውስጥ ይቀራል። ቀጣዩን መልስ ሲያዘጋጅ ያንን ሁሉ እንደገና ያነበዋል፤ የተሳሳተው ሐሳብ አብሮት ይጓዛል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተሳካ አዲስ ቻት መክፈት ይሻላል። እዚያም «ይህን አደረግኩ፣ ይህን ጠበቅኩ፣ ይህ ሆነ» ብሎ መጀመር ነው። እውነቱን ለመናገር አሁን አሁን ኮዱን ራሳቸው አስኪደው፣ ሎጉን (አፑ የሠራው ሁሉ የሚመዘገብበትን ዝርዝር) አንብበው፣ ፈተና ጽፈው የሚያረጋግጡ መሣሪያዎች አሉ። ለእነሱ ኤረር ገልብጦ መላክ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ግን ትክክለኛው መልስ ምን እንደሆነ ካልነገርናቸው፣ ጥቅምት 29 ኅዳር 1 መሆኑ ስህተት እንደሆነ በምን ያውቃሉ?

ጸሐፊው ለዚህ ምክራቸው አንድሬ ካርፓቲን ይጠቅሳሉ። ኮዱን ሳያዩ ለኤአይ እየነገሩ ማስጻፍን «ቫይብ ኮዲንግ» ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025። ኤረር ገልብጦ ያለ ማብራሪያ እንደሚልክ መጻፉም እውነት ነው። ነገር ግን እዚያው ጽሑፍ ላይ ይህ አሠራር ሠርተው ለሚጥሏቸው የቅዳሜና እሁድ ፕሮጀክቶች እንደማይከፋ ነው የተናገረው። የዕድር ገንዘብ ግን ሠርተው የሚጥሉት ነገር አይደለም። ካርፓቲ ደግሞ በነርቭ መረብ ጥናት ዶክትሬት ያለው፣ በቴስላ የኤአይ ክፍል የመራ ሰው ነው። ነገሩ ሲበላሽ ኮዱን ከፍቶ ማየት ይችላል። ጀማሪውን «እሱ እንዳደረገው አድርግ» ማለት ዋና የማይችልን ሰው «ዋናተኛው እኮ ጥልቁ ጋ ነው የሚገባው» ብሎ እንደመግፋት ነው።

ወደ ሁለተኛው ምክር ልለፍ። ኮድ ማንበብ ጊዜ ማጥፋት ነው ይላሉ።

ሁሉንም አንብቡ አልልም። እኔም ሁሉንም አላነብም። የተቀየረውን ግን አንብቡ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በፊት በጊት (የኮድ ቅጂዎችን በሚያስቀምጠው መሣሪያ) ኮሚት አድርጉ፤ ማለትም ያለውን ኮድ እንዳለ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ኤአዩ የነካቸው መስመሮች በቀይና በአረንጓዴ ይታያሉ። ሦስት መስመር ይቀየራል ብላችሁ የጠበቃችሁት ነገር ሰባት ፋይል ከነካ፣ ኮድ ባታውቁም አንድ ነገር እንዳለ ገባችሁ ማለት ነው። «ይህን ፋይል ለምን ነካኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልስ የለውም፤ ይቅርታ ጠይቆ ይመልሰዋል።

ሌላም ማየት ያለባችሁ ነገር አለ፤ የሚጨምራቸውን ፓኬጆች፣ ማለትም ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያስቀመጧቸውን ዝግጁ ኮዶች። ኤአይ የሌለ ፓኬጅ ስም ፈጥሮ «ይህን ጫን» ሊላችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ሞዴሎች የተጻፉ 576,000 የኮድ ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። ሞዴሎቹ ከጠቀሷቸው ፓኬጆች ወደ 20 በመቶ የሚጠጉት በዓለም ላይ የሌሉ ሆነው ተገኙ። በክፍያ የሚሠሩት ሞዴሎች ላይ ቁጥሩ 5 በመቶ አካባቢ ነው። አደጋው ኤረር መምጣቱ ብቻ አይደለም። ሌባ ያንን ስም ቀድሞ አስመዝግቦ ውስጡ ተንኮል ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ስሙን ፈልጉት። መቼ ተፈጠረ? ስንት ሰው ይጠቀመዋል? አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጊዜን በተመለከተ ደግሞ ስሜታችን ሊያታልለን ይችላል። ሜትር የሚባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2025 ልምድ ያላቸው 16 ፕሮግራመሮችን 246 ሥራ ሰጥቶ ለካቸው። በኤአይ የሠሩት ሥራ 19 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ወሰደ። ሰዎቹ ግን ሥራውን ከጨረሱ በኋላም 20 በመቶ እንደፈጠኑ ነበር የሚያምኑት። ሰዎቹ የሚሠሩት ለዓመታት በሚያውቁት ትልቅ ኮድ ላይ ነው፤ መሣሪያዎቹም የዚያን ጊዜዎቹ ናቸው። ስለዚህ ለጀማሪ በቀጥታ አይሠራም። ግን «ፈጥኛለሁ» የሚለው ስሜት ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ ያሳያል። የጎረቤቴ ልጅም አሥራ አንድ ጊዜ ሲመላለስ እየሠራ ያለ ይመስለው ነበር።

ሦስተኛው ምክር ልቤን ነክቶታል። በአማርኛ አትጻፉ ይላል።

ችግርን መግለጽ ትልቅ ሥራ ነው። ሰው በደንብ የሚገልጸው ደግሞ በሚያስብበት ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ «ኖት ዎርኪንግ» ብሎ ከመላክ በአማርኛ አምስት የተሟላ ዓረፍተ ነገር መጻፍ እጅግ ይበልጣል። የዛሬዎቹ ትልልቅ ሞዴሎች አማርኛ ይገባቸዋል። እውነት ነው፣ ሞዴሎቹ ጽሑፍን ቆራርጠው ነው የሚያነቡት፤ አማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ወደ ብዙ ቁራጭ ይከፋፈልባቸዋል። ስለዚህ ቻቱ ቶሎ ይሞላል፣ ክፍያውም ይጨምራል። ቢሆንም ያልገባውን ነገር አሥር ጊዜ ከመላክ ይረክሳል። ኤረሩን ብቻ እንዳለ በእንግሊዝኛ ተዉት። አትተርጉሙት፣ አታሳጥሩት።

በአማርኛ ስትጽፉ መጠንቀቅ ያለባችሁ ሰዓት ላይ ነው። የደንበኛ ትዕዛዝ የሚቀበል አፕ የሠራች አንዲት ልጅ «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትዕዛዞች ይጠፋሉ» ብላ ጻፈች። ኤአዩ 8 ሰዓት የሚለውን እንደ ፈረንጅ 8 ሰዓት ወስዶ ምሽት 8 ሰዓት ላይ የነበረውን ሎግ ሲፈትሽ ዋለ። ሌሊት 8 ማለት በፈረንጅ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ (አፑን ከጀርባ የሚያስኬደው ኮምፒውተር) ደግሞ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ ሎጉ ላይ የተጻፈው ባለፈው ቀን 23 ሰዓት ነበር። ትዕዛዞቹም አልጠፉም። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) የገቡት ሁሉ በትናንቱ ቀን ስር ነበር የተመዘገቡት። ሰዓት ስትነግሩት «በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በአዲስ አበባ ሰዓት» ብላችሁ ጨምሩበት።

አራተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። ሞዴል መቀየር አንዳንዴ ይጠቅማል። ግን የቀድሞውን ቻት ገልብጣችሁ አትስጡት፤ የመጀመሪያውን ስህተት ይወርሳል። ኮዱንና የሆነውን ነገር ብቻ ስጡት። እንደ ሁለተኛ ሐኪም አድርጉት፤ የመጀመሪያው ሐኪም ምን እንዳለ ሳትነግሩት እሱ ራሱ ይመርምር።

አምስተኛውን ግን እቃወማለሁ፤ አጥብቄ። «ሁሉንም አጥፍታችሁ ከዜሮ ጀምሩ» የሚለውን።

የተጠቃሚ መረጃ የያዘ አፕ ላይ «ሁሉንም አጥፋ» የሚል ቃል ለኤአይ መስጠት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ጸሐፊው ያሰቡበት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የሆነውን እናስታውስ። ጄሰን ለምኪን የተባለ የታወቀ የቴክኖሎጂ ባለሀብት ረፕሊት በሚባለው በኤአይ አፕ መሥሪያ አፕ እየሠራ ነበር። ምንም ነገር እንዳይቀየር አዝዞ ሳለ ኤአዩ በሥራ ላይ ያለውን ዳታቤዝ አጠፋው። ከ1,200 በላይ የኩባንያ ኃላፊዎች መረጃ ነበረበት። ከዚያ ደግሞ መልሶ ማግኘት አይቻልም ብሎ ነገረው። ለምኪን ራሱ ሲሞክረው ተመለሰ። የረፕሊት ዋና ሥራ አስፈጻሚ አምጃድ ማሳድ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሙከራውና የሥራው ዳታቤዝ በራሱ ተለያይቶ እንዲቀመጥ እንደሚደረግም አስታወቀ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንውሰድ። ለሙከራ የምትጠቀሙበት ዳታቤዝ ሰው ከሚጠቀምበት የተለየ ይሁን። ኤአዩም የሥራውን ዳታቤዝ የይለፍ ቃል አይያዝ። ሌላው፣ «አይቻልም» ስላለ አትመኑት። ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ራሳችሁ ሞክሩ።

ከዜሮ መጀመርም ምክንያቱን አያጠፋውም። ያ የዕድር አፕ እንደገና ቢጻፍ ኖሮ፣ ያው ኤአይ ያንኑ ጥቅምት በዚያው ፌብሩዋሪ ውስጥ ሊከተው ይችል ነበር። መመለስ ከፈለጋችሁ ሲሠራ ወደነበረው ኮሚት ተመለሱ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደፊት ሂዱ። የትኛው ለውጥ እንዳበላሸው እዚያ ላይ ይታያል።

በመጨረሻ «በስልካችሁ ከሠራ ልቀቁት» የሚለው አለ። በስልካችሁ የሚሠራው እናንተ ስለምትጠቀሙበት ነው። ስማችሁን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ነው የምትጽፉት። ሌላ ሰው ግን «ሐና» ብሎ ተመዝግቦ «ሃና» ብሎ ይፈልጋል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ቃል ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ» እንዲሁ። ፍለጋ ያለበት አፕ የምትሠሩ ከሆነ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ እንዲያወዳድር ንገሩት፤ ካልተነገረው አስቦ አያደርገውም። ስልክ ቁጥርም አለ። በ09 የሚጀምር ብቻ የሚቀበል አፕ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! በ07 የሚጀምረውን የሳፋሪኮም ቁጥር ይመልሳል። በ+251 የጻፈውን ሰው ደግሞ እንደ አዲስ ሰው ይመዘግበዋል።

ኤአዩን «ደህና ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅማ ምንም አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2025 ላቨብል በሚባለው ሌላ የኤአይ አፕ መሥሪያ የተሠሩ 1,645 አፖች ተፈትሸው 170ው የተጠቃሚዎቻቸውን መረጃ ለማንም ክፍት አድርገው ተገኝተዋል። ስም፣ ኢሜይል፣ ሚስጥራዊ ቁልፍ ሳይቀር። ምክንያቱ አንድ ነው። ዳታቤዙ ላይ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን መስመር ብቻ እንዲያይ የሚያደርገው ሕግ አልተጻፈም ወይም በትክክል አልተጻፈም። ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። አፑ ቆንጆ ሆኖ ይሠራል።

ይህን ለማየት ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። ሁለት አካውንት ክፈቱ። በአንዱ ገብታችሁ አንድ መዝገብ ክፈቱና የገጹን አድራሻ (ሊንኩን) ገልብጡ። በሌላው ገብታችሁ ያንኑ አድራሻ ለጥፉ። የመጀመሪያው ሰው መረጃ ከታያችሁ አፑን አትልቀቁ። ከዚያ ሳትገቡም ሞክሩት። ያ የዕድር አፕ በዚህ ፈተና ወድቆ ነበር። የማን ቤት ስንት ውዝፍ እንዳለበት፣ ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ ማየት ይችል ነበር። በሰፈር ውስጥ ይህ ምን ዓይነት ሐሜት እንደሚያመጣ አስቡት።

ልጁ አሁን ያንን ቀዳዳ ዘግቶታል። አፑ ሲነካ ሁልጊዜ በራሱ የሚፈተሽ የቀን ዝርዝርም አስጽፏል። ጥቅምት 28፣ 29 እና 30 አሉበት። ጳጉሜ 5 አለችበት። የ2019 ጳጉሜ 6 ቀን ስለሆነች ጳጉሜ 6 ቀን 2019ን ራሱ አስቦ ጨምሯል፤ እኔ አልነገርኩትም። ገንዘብ ያዧ ግን ደብተሩን ከሳጥን አውጥተዋል። እስከዚያች ቀን ድረስ በሁለቱም ነው የምመዘግበው ብለዋል።